ክፍልፋዮችን ስናባዛ የምናቃልለው ከማባዛቱ በፊት ነው ወይስ በኋላ?

ጥያቄ
ሰላም ለሁላችሁ። ልጄ የ6ኛ ክፍል ተማሪ ናት። 14/15 × 25/28 የሚል ጥያቄ ሲገጥማት ላዕልን በላዕል፣ ታህትን በታህት አባዝታ 350/420 ላይ ትደርሳለች፤ ከዚያ በኋላ ግን ሁለቱን ቁጥሮች ለስንት ማካፈል እንዳለባት ግራ ይገባታል። እኔ የተማርኩት 14ን ከ28፣ 25ን ከ15 ጋር አስቀድሞ ማቃለልን ነው። ይሁንና «የአንዱ ላዕል ከሌላው ታህት ጋር ምን አገናኘው?» ብላ ስትጠይቀኝ አጥጋቢ ምክንያት ላቀርብላት አልቻልኩም። ብታስረዱኝ ምስጋናዬ የላቀ ነው።

መልስ 1
ልጅዎ የጠየቀችው ተገቢ ጥያቄ ነው፤ ሳይመለስላት መታለፍ የለበትም። ሁለት ክፍልፋዮች ሲባዙ ውጤቱ አንድ ክፍልፋይ ነው፤ ላዕሉ 14 × 25፣ ታህቱ 15 × 28 ይሆናል። ብዜቱን ሳያሰሉ እንዲሁ ጽፈው ቢያዩት 14 እና 28 በአንድ መስመር ላይና ታች ተቀምጠዋል። በማባዛት የቁጥሮች ቅደም ተከተል ውጤቱን ስለማይለውጥ፣ ታህቱን 28 × 15 ብለን ብንጽፈው 14/28 × 25/15 እናገኛለን፤ ይህም 1/2 × 5/3 ማለትም 5/6 ነው። ስለዚህ በፊትም ተቃለለ በኋላ መልሱ ያው ነው፤ አስቀድሞ ማቃለል የሚጠቅመው ቁጥሮቹ ሳይገዝፉ ለመሥራት ነው።

እኔ ግን ልጆች ምክንያቱን እስኪጨብጡ ድረስ (14 × 25)/(15 × 28) የሚለውን ደረጃ ሳይዘሉ እንዲጽፉት አጥብቄ እመክራለሁ፤ በሰያፍ መሰረዝን ብቻ የለመደ ተማሪ ሲደምርም ይሰርዛልና። 1/2 + 2/3 ላይ ሁለቱን 2ቶች የሰረዘ ልጅ 4/3 ያገኛል፤ ትክክለኛው መልስ ግን 7/6 ነው።

መልስ 2
350/420 ላይ ከደረሰችም በኋላ መላ አለው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ300 ዓመት ገደማ የኖረው ግሪካዊው ዩክሊድ በጽሑፉ ባቆየልን ዘዴ፣ 420 ለ350 ሲካፈል ቀሪው 70 ነው፤ 350 ለ70 ሲካፈል ደግሞ ቀሪ የለውም። ስለዚህ ትልቁ የጋራ አካፋይ 70 ነው፤ ላዕሉም ታህቱም ለ70 ሲካፈሉ በአንድ ጊዜ 5/6 ይወጣል።

ጠያቂው
ሁለታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ድብልቅ ቁጥሮችስ ሲሆኑ ሙሉውን ከሙሉ፣ ክፍልፋዩን ከክፍልፋይ ማባዛት ይቻላል?

መልስ 1
አይቻልም። 2 1/4 × 1 1/3 በዚያ መንገድ ቢሠራ 2 1/12 ይሆናል፤ 2 × 1/3 እና 1/4 × 1 ተዘንግተዋል፤ የእነርሱ ድምር 11/12 ነው። አስቀድመው ወደ 9/4 × 4/3 ይለውጡት፤ 4ቱ ከ4 ጋር ይቃለልና 9/3 ማለትም 3 ይቀራል።