የዜኒት ፋብሪካ ቆጥ ላይ የተደበቁት መሣሪያዎች፦ እውነት ነው ወይስ ማስታወቂያ?

ሞላው
ሰላም ሰዓት ወዳጆች። ስለ ሰዓት አምራቹ ዜኒት ባነበብኩ ቁጥር አንድ ታሪክ ይመጣብኛል። ስዊዘርላንድ፣ ሌ ሎክል ያለው ፋብሪካ በ1975 (ዓመቶቹ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው) መካኒካል ሰዓት (ያለ ባትሪ በስፕሪንግ የሚሠራውን) መሥራት አቁም ተባለ፤ አንድ የክፍል ኃላፊ ግን መሣሪያዎቹን ጣሪያ ሥር ደበቃቸው ይላል። ትንሽ የተጋነነ አይመስላችሁም? ደግሞስ ንድፉ ወረቀት ላይ ካለ መሣሪያው ቢጣል ምን ይጎድላል?

ጥርስ ቆጣሪ
እውነት ነው። ሰውየው ሻርል ቬርሞ ይባላል። ሊያድነው የፈለገው ኤል ፕሪሜሮን ነው፣ በጥር 1969 ይፋ የሆነውን አውቶማቲክ ክሮኖግራፍ፤ ማለትም በእጅ እንቅስቃሴ ራሱን የሚሞላ፣ ቁልፍ ሲጫኑት ደግሞ ጊዜ የሚለካ የሰዓት ማሽን። በሰዓት 36,000 ጊዜ ይመታል። በሰከንድ 10 ማለት ነው፣ ስለዚህ የሰከንድ አንድ አስረኛ ድረስ ይለካል። ቬርሞ መጀመሪያ ለአለቆቹ ጻፈ፣ ሰሚ አጣ። ከዚያ ካሞቹን (የመሥሪያ ማሽኖቹን እንቅስቃሴ የሚመሩ ብረቶች)፣ መቁረጫዎቹን፣ ዕቃዎቹ የሚታተሙባቸውን የፕሬስ ፎርማዎች ምልክት እያደረገባቸው ቆጥ ላይ አወጣቸው፤ የአሠራር ሂደቱንም ጽፎ አስቀመጠ።

ስለ ንድፉ ላልከው፦ ንድፍ መጠኑን ይነግርሃል እንጂ ዕቃውን አይሠራልህም። ክሮኖግራፍ ውስጥ ያለች አንዲት ትንሽ ማንሻ የራሷ ፎርማ አላት፣ ከታተመች በኋላም ጠርዟ ይስተካከላል። ጥርሶቹ በደንብ ካልተገናኙ ቁልፉን ስትጫነው የሰከንዱ ቆጣሪ ዘሎ ይነሳል። ያን ሁሉ ፎርማ ከዜሮ ማሠራት ደግሞ ብዙ ገንዘብ ነው። መካኒካል ሰዓት ገዢ ባጣበት ዘመን ማን ይከፍላል?

የኪስ ሰዓት
ትንሽ ወደ ኋላ ልመልሳችሁ። ጆርጅ ፋቭር-ዣኮ ድርጅቱን በ1865 ሲጀምር ገና 22 ዓመቱ ነበር። በዚያን ጊዜ ሌ ሎክል ባለበት በዡራ ተራሮች ሰዓት የሚሠራው በየቤቱ ነው፤ አንዱ ጥርስ ይቆርጣል፣ ሌላው የሰዓቱን ፊት ይቀባል፣ አንዳንዱም ክረምት ላይ በረዶው ከእርሻ ሲያግደው የሚሠራ ገበሬ ነው፣ ነጋዴው ደግሞ ሁሉን ሰብስቦ ያስገጥማል። የአንዱ ሰዓት ዕቃ ለሌላው ካልገባ በሞረድ ማስተካከል ነው። እሱ ሙያዎቹን አንድ ግቢ ውስጥ ሰበሰባቸው። ቬርሞ የሚደብቀው ነገር የኖረውም ለዚህ ነው፣ መሣሪያው ሁሉ እዚያው ነበራ። «ዜኒት» ራሱ መጀመሪያ ድርጅቱ የሠራው የአንድ ሰዓት የውስጥ ማሽን ስም ነበር። በ1900 ፓሪስ ላይ ትልቁን ሽልማት አገኘ፣ በ1911 የድርጅቱ ስም ሆነ።

ሁለት ጎን
በቬርሞ ጀግንነት እስማማለሁ፣ ግን አለቆቹን ጅል አናድርጋቸው። ከ1971 ጀምሮ ባለቤቱ የቺካጎው ዜኒት ራዲዮ ነበር፣ አዎ፣ ቴሌቪዥን የሚሠራው። ስማቸው የገጠመው በአጋጣሚ ነው። ሴይኮ በ1969 መጨረሻ ኳርትዝ (በባትሪ የሚሠራ) የእጅ ሰዓት አወጣ፣ ከዚያ ገበያው ተገለበጠ። በ1970 ወደ 90,000 ሠራተኛ የነበረው የስዊስ ሰዓት ኢንዱስትሪ በ80ዎቹ አጋማሽ 30,000 ገደማ ቀረው። ፋብሪካውን በ1978 ስዊሶች መልሰው ገዙት፤ ቢሆንም ኤል ፕሪሜሮ ወደ ምርት የተመለሰው በ1984 ነው። በእኔ እምነት በእግሩ ያቆመው ሮሌክስ ነው። ከ1988 እስከ 2000 ድረስ ለዴይቶና ሞዴሉ የኤል ፕሪሜሮን ማሽን ከዜኒት ይወስድ ነበር። ደንበኛ ባይመጣ መሣሪያው እዚያው አቧራ ይለብስ ነበር።

ጥርስ ቆጣሪ
@ሁለት ጎን ደንበኛው ሲመጣ የሚሸጥ ነገር የተገኘው በማን ሆነና!

ሞላው
ተመስገን፣ ገባኝ። አንድ የመጨረሻ ጥያቄ፦ ሮሌክስ ምቱን ወደ 28,800 አወረደው የሚባለው ለምንድነው? ፍጥነቱ አይደል እንዴ ልዩ ያደረገው?

ጥርስ ቆጣሪ
ፍጥነት ዋጋ አለው። ምቱ ሲበዛ ቅባቱም ዕቃውም ቶሎ ያልቃል። ሮሌክስ ከአስረኛ ሰከንድ ይልቅ ሳይከፈት ብዙ ዓመት የሚሠራ ሰዓት መረጠ፣ ሌላም ብዙ ነገር ቀየረበት። ዜኒት ግን በራሱ ሰዓቶች ላይ 36,000ውን አልነካውም።