ስሙ የተፋቀ አሮጌ ጊታር፦ ማን ሠራው? መቼስ?

ባለጊታሩ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ከአጎቴ የወረስኩት አኮስቲክ ጊታር አለኝ። እሱም ያገለገለ ነው የገዛው። የአንገቱ ጫፍ፣ ማለትም ራሱ ላይ ያለው ስም ተፍቆ የመጨረሻዎቹ ፊደላት ብቻ ቀርተዋል፦ «...ርቶን» ይላል። ፊቱ መሃሉ ቢጫ፣ ዳር ዳሩ ጥቁር ነው። ክሮቹ የሚታሰሩት ታች ጫፉ ላይ ባለ ብረት ነው። ድልድዩ (ፊቱ ላይ ክሮቹን የሚደግፈው እንጨት) አልተጣበቀም፤ ክር ስፈታ ወልቆ እጄ ላይ ይቀራል። ኢንተርኔት ላይ ያላየሁት የለም። ማን ሠራው? ዕድሜውስ?

ጥገና ላይ የምውል፦
መጀመሪያ ስሙን እርሳው። እነዚህ ጊታሮች ላይ የሚጻፈው ብዙ ጊዜ የሻጩ ስም ነው። ሲርስ የሚባለው የአሜሪካ ቸርቻሪ ጊታር በካታሎግ ይሸጥ ነበር። የሚሠሩለት ግን እንደ ሃርመኒና ኬይ ያሉ የቺካጎ ፋብሪካዎች ነበሩ። ያው ፋብሪካ ተመሳሳዩን ጊታር ለሌላ ሻጭ ሌላ ስም ለጥፎ ይልክ ነበር።

«ርቶን» ያልከው ግን አሪፍ ፍንጭ ነው። የሲርስ ጊታሮች በ1930ዎቹ «ሱፐርቶን» ይባሉ ነበር፤ በ1940ዎቹ መጀመሪያ «ሲልቨርቶን» ሆኑ (ዓመቱን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው)። የሁለቱም መጨረሻ አንድ ነው።

ስለዚህ ውስጡን እይ። ክሮቹን አላላና በቀዳዳው በኩል መብራትና ትንሽ መስታወት አስገባ። የጥርስ ሐኪም መስታወት ካገኘህማ ምን ትፈልጋለህ! ሃርመኒ ከጀርባው እንጨት በውስጥ በኩል ማህተም ይመታ ነበር፦ ቁጥር፣ «ኤች»፣ ከዚያ የሞዴል ቁጥር። ለብቻው «ኤፍ» ወይም «ኤስ» ከሁለት አኃዝ ጋር ካየህ፣ አኃዙ ዓመቱ ነው። አቧራውን በደረቅ ብሩሽ ጥረግ። እርጥብ ጨርቅ እንዳታስጠጋ፣ ቀለሙ ሊለቅ ይችላል።

የመቃኛዎቹን ብሎኖችም እይ። ባለ መስቀል ራስ ብሎን ገበያ የገባው በ1930ዎቹ አጋማሽ ነው። እርግጥ ብሎን ይቀየራል፤ እኔ ራሴ ስንቱን ቀይሬያለሁ። ለብቻው ማስረጃ አይሆንም።

ቫርኒሽ ወዳድ፦
ፊቱን በብርጭቆ ወረቀት አሽተህ ቫርኒሽ ቀባው፣ አዲስ ይሆንልሃል።

ጥገና ላይ የምውል፦
ኧረ በፈጠረህ እንዳትሰማው! ከእነዚህ ርካሽ ጊታሮች ብዙዎቹ በርች በሚባል እንጨት የተሠሩ ናቸው። የእንጨት መስመር የሚመስለው በቀለም የተሳለ ሊሆን ይችላል። ስታሸው መስመሩም አብሮ ይሄዳል።

ባለጊታሩ፦
አገኘሁት! የማህተሙ የመጀመሪያ ቁጥሮች ደብዝዘዋል፤ «ኤች» ግን ጥርት ብላ ትታያለች። ከእሷ ራቅ ብሎ «ኤፍ-57» ይላል። ብሎኖቹ ባለ መስቀል ናቸው። ራሱ ላይ ደግሞ «ስቲል ሪኢንፎርስድ ኔክ» የሚል አለ።

ጥገና ላይ የምውል፦
በቃ፣ ሃርመኒ ነው። ቺካጎ፣ 1957። ስሙም ሲልቨርቶን ነው ማለት ነው። ሲርስ ፋብሪካውን በ1916 ገዝቶ በ1940 አካባቢ ሸጦታል፤ ደንበኝነቱ ግን አልቀረም። «ኤፍ» የዓመቱን ወቅት ነው የምታሳየው የሚሉ አሉ፤ እኔ ብዙም አልጨነቅባትም። ከ«ኤች» ቀጥሎ ያለውን ቁጥር ማንበብ ከቻልክ የዚያን ዘመን የሲርስ ካታሎጎች ገልብጥ። ስካን ተደርገው ኢንተርኔት ላይ አሉ።

«ስቲል ሪኢንፎርስድ ኔክ» የሚለው አንገቱ ውስጥ ብረት አለ ማለቱ ነው እንጂ ብረቱ የሚጠብቅና የሚላላ አይደለም። አንገቱ ቢጎብጥ ማስተካከያ ቁልፍ ፈልገህ አትልፋ። ከፊቱ ሥር ያሉት ደጋፊ እንጨቶችም እንደ መሰላል አግድም የተደረደሩ ከሆነ ወፍራም ክር አትጫንበት፣ ፊቱ ይሰምጣል። ቀጭን የብረት ክር ይበቃዋል።

ድልድዩ መውለቁ ብልሽት አይደለም፤ አሠራሩ ነው። ቦታውን ለማግኘት ከአንገቱ ላይኛ ጫፍ፣ ክሮቹ ከሚያርፉበት፣ እስከ 12ኛው ፍሬት (አንገቱ ላይ በአግድም ከተቀበሩት ቀጫጭን ብረቶች 12ኛው) ለካ። ከ12ኛው እስከ ድልድዩ ያንኑ ያህል ሆኖ ትንሽ ይበልጣል። የቀረውን በጆሮህ አስተካክል።