ለአራት ኪሎና ለስድስት ኪሎ ተማሪ፦ የሀገር ምግብ ከየት፣ ያለ ፌስታል እንዴት

ምግቤ የሀገር ውስጥ ይሁን፣ ቆሻሻዬም ይቀንስ የሚል ተማሪ መጀመሪያ የሚታየው ቦሌ ሄዶ የቀርከሃ የጥርስ ብሩሽ መግዛት ነው። አያስፈልግም። አራት ኪሎ፣ አምስት ኪሎ ወይም ስድስት ኪሎ የምትማሩ ከሆነ አብዛኛው ነገር ከግቢያችሁ ብዙም አይርቅም፦ ጉሊት፣ ባልትና ቤት፣ ጀበና ቡና፣ ሊስትሮ፣ ቆራሌው። ዋጋ አልጽፍም፤ ጽፌ ሳልጨርስ ይቀየራል። የቱ ለምን እንደሚሻል ግን ልንገራችሁ።

ከአትክልት ልጀምር፤ ሰው በብዛት የሚሳሳተው እዚያ ላይ ነው።

ሱፐርማርኬቱን ቶሎ እንለፈው። አምስት ቃሪያ ነጭ ፎም ላይ አስተኝቶ በላስቲክ ይጠቀልልላችኋል። የላስቲኩንም ሒሳብ የምትከፍሉት እናንተ ናችሁ።

የእሁድ ገበያ የሚያዋጣው ቤት ተከራይተው ሦስት አራት ሆነው ለሚኖሩ ነው። ሽንኩርት፣ ድንች፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ባጠቃላይ ሳምንት የሚቆይ ነገር ከዚያ ይገዛ። አምራቾችና የኅብረት ሥራ ማኅበራት በቀጥታ ስለሚያቀርቡ ደላላ ብዙ አይገባበትም። ጠዋት የሄደ መርጦ ይገዛል። ከሰዓት የሄደ ደግሞ ጨፍለቅለቅ ያለ ቲማቲም በርካሽ ያገኛል፤ ለስልስ የሚሆን ቲማቲም መልኩ ባያምርም ግድ የለም። ትልልቅ ሰዎች «አትክልት ተራ ሂዱ» ካሏችሁ የሚያስቡት የድሮውን ፒያሳ ነው። ገበያው በኮሮና ጊዜ፣ በ2012 ዓ.ም.፣ መጀመሪያ ወደ ጃንሜዳ ወጣ፤ በኋላ ኃይሌ ጋርመንት ገባ። ለሁለት ኪሎ ሽንኩርት እዚያ ድረስ ከሄዳችሁ ትርፉን ታክሲ ይበላዋል።

ለዕለት ፍጆታ ግን ጉሊትን የሚስተካከል የለም። ሚዛን የለም፣ መደብ ነው። ሦስት ቲማቲም ተደርድሮ አናቱ ላይ አንድ ጉብ ይላል፤ አለቀ። ለአንድ ሰው እራት ልክ ስለሆነ ፍሪጅ ውስጥ የሚበሰብስ ነገር አይኖርም (ፍሪጅም የላችሁም)። ደንበኛ ከሆናችሁ ምርቃት አይቀርም፤ አንዲት ቃሪያ ወይም ትንሽ የጥብስ ቅጠል ጣል ይደረግላችኋል። ዘንቢል ያዙ። በ2017 ዓ.ም. ፓርላማው ያጸደቀው የደረቅ ቆሻሻ አዋጅ ፌስታልን ስለከለከለ፣ ዘንቢል አሁን የእማማ ዕቃ ብቻ አይደለም።

ጎመንና ቆስጣ ላይ ቆም በሉ። «ከቅርብ የመጣ ምግብ ሁሉ ጥሩ ነው» የሚለው ነገር አዲስ አበባ ላይ ሁልጊዜ አይሠራም። ቅጠላ ቅጠል ሩቅ መንገድ ሲመጣ ይጠወልጋል፤ ስለዚህ ከተማው ውስጥና ዳርቻው ላይ፣ አቃቂ ወንዝና ገባሮቹ ዳር በብዛት ይለማል። እነዚህ ወንዞች የፋብሪካ፣ የጋራዥና የመጸዳጃ ቤት ፍሳሽ ይዘው ነው የሚወርዱት። በዚያ ውኃ የለሙ አትክልቶች ላይ የተሠሩ ጥናቶች እንደ እርሳስ፣ ካድሚየምና ክሮሚየም ያሉ ብረቶችን ደጋግመው አግኝተዋል። በኮምጣጤ ማጠብ ጀርሙን ይቀንሳል። ብረቱን ግን አያወጣውም፤ ተክሉ በሥሩ ስቦ ውስጡ አስገብቶታል። ስለዚህ ጠይቁ።

«እናት፣ ጎመኑ ከየት ነው የመጣው?»

«ከገበያ ነዋ የኔ ልጅ! ከሰማይ ይወርዳል?»

እንዲህ ከተባላችሁ ስቃችሁ ቲማቲምና ሽንኩርት ግዙ። እነሱ ባመዛኙ ከመቂና ከዝዋይ አካባቢ ነው የሚመጡት። ቅጠል የሆነ ነገር ከሌላው ይልቅ ብረት ስለሚያጠራቅም ነው ጥንቃቄው። የሚሸጡትን ከየት እንዳመጡት ሳይጠየቁ የሚናገሩ ሴቶችም አሉ፤ እንዲህ ያለች ካገኛችሁ እሷን አትልቀቁ። በረንዳ ያላችሁ ደግሞ ቢጫ ጀሪካን ለሁለት ቁረጡና ጎመን ትከሉ። ሳይነቀል የታችኛው ቅጠል ብቻ እየተቀነጠሰ ለወራት ያበላል። አፈሩንም ችግኙንም መንገድ ዳር ያሉ ችግኝ ሻጮች ይሸጣሉ።

ለዶርም ተማሪ ግን የመጀመሪያ ምርጫዬ ባልትና ቤት ነው። እሳት የማይፈልግ ምግብ ሞልቷል፦ በሶ፣ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ጭኮ። ከኢንዶሚ ጋር ሳወዳድረው በሶ ያሸንፋል። ኢንዶሚ እሳት ይፈልጋል፣ ላስቲክ ይተዋል፣ በሁለት ሰዓት ውስጥ መልሶ ያስርባል። በሶ በጥብጦ ጠጥቶ ፈተና የገባ ሰው ሆዱ አይጮህም። ክዳን ያለው ጣሳ ይዛችሁ ሂዱና «መጀመሪያ ባዶውን ይመዝኑልኝ» በሉ። አንዳንዷ ባለሱቅ ዓይኗን ታፈጥባችኋለች። በሚቀጥለው ጊዜ ጣሳውን ራሷ ተቀብላ ሚዛን ላይ ታስቀምጠዋለች።

ምግብ ማብሰል ገና ለሚለማመድ ነጭ ሽሮ ሳይሆን ምጥን ሽሮ ይሻላል፤ ቅመሙ አብሮ ስለተፈጨ ሽንኩርትና ዘይት ብቻ ነው የሚፈልገው። በርበሬ ስትገዙ የማረቆ ወይም የአላባ ነው ይሏችኋል፤ ሁለቱም ስማቸው ያለ ምክንያት አልወጣም። ከሌላው ሱቅ በጣም የረከሰ በርበሬ ካያችሁ ግን እለፉት። ባዕድ ነገር የተቀላቀለበት በርበሬ ተያዘ የሚለው ዜና አዲስ አይደለም።

እንጀራ ከሱቅ በፌስታል ታሽጎ ከመግዛት ጋግረው ከሚሸጡ ሴቶች መግዛት ይመረጣል። ዋጋው ብዙም አይለያይም። ልዩነቱ ላስቲኩ ነው፤ ትኩስ እንጀራ ላስቲክ ውስጥ ሲያልበው ቶሎ ይሻግታል። ሰፋ ያለ ሰሃንና ንጹሕ ጨርቅ ይዛችሁ ሂዱ። የተረፈውን ሳይሻግት ቆራርሳችሁ አድርቁት፤ ድርቆሽ ሆኖ ለፍርፍር ይጠብቃችኋል።

ውጭ መብላት ከሆነ ረቡዕና ዓርብ የእናንተ ቀን ነው፤ ጾመኛ ሆናችሁም አልሆናችሁም። በየምግብ ቤቱ በየዓይነቱ አለ፤ ምስሩ፣ ክኩ፣ ጎመኑ፣ ቀይ ሥሩ አንድ እንጀራ ላይ ይመጣል። ሁለት ሆናችሁ አንድ በየዓይነቱ ከጭማሪ እንጀራ ጋር እዘዙ። አዘውትሮ የሚመጣ ተማሪ ወጥ ቢያስጨምር ፊት የሚያጠቁር አስተናጋጅ ብዙ አይደለም። በሁዳዴ 55 ቀን ሙሉ ምርጫው ይሰፋል፣ ተጋቢኖውም ይጣፍጣል። ይዛችሁ ለመሄድ ከሆነ ምሳ ዕቃችሁን አቀብሉ። ትኩስ ሽሮ ስስ ፌስታል ውስጥ ሲጨመር ማየት እኔን ያንገሸግሸኛል።

ቡና ላይ ክርክር የለኝም። በሲኒ የሚቀርበው የመንገድ ዳር ጀበና በወረቀት ኩባያ ከሚሰጠው ማኪያቶ ይበልጣል፤ ሲኒው ይታጠባል፣ ጤና አዳሙ ይጨመራል፣ ወሬው በነፃ ነው። ከካፌ ካላችሁ ደግሞ ፒያሳ ላይ በ1953 እ.ኤ.አ. የተከፈተው ቶሞካ አለ። ቆማችሁ ትጠጣላችሁ፣ ትወጣላችሁ። ለውኃ ኮዳ ግዙና ሃይላንድ መግዛት ተዉ። ለስላሳ ካማራችሁ የጠርሙሱን እዚያው ሱቁ በር ላይ ጠጡ፤ ጠርሙሱ ተመልሶ ይሞላል።

አሁን ስለ ዕቃ። ጫማ ከመጣል በፊት ሊስትሮ ጋር፣ ሱሪ ከመጣል በፊት ልብስ ሰፊ ጋር። ይህን ማንም ያውቀዋል። ብርድ ልብስ የምትፈልጉ ከስድስት ኪሎ ሽቅብ ሽሮ ሜዳ ውጡና የሸማኔ ጋቢ ግዙ። ከተመረቃችሁም በኋላ አብሯችሁ ይኖራል። ጀበናና ድስት ከቀጨኔ ሸክላ ሠሪ ሴቶች መግዛት ከሱቅ ይሻላል፤ እንዴት እንደሚሟሽም እዚያው ያሳዩዋችኋል። ሳይሟሽ እሳት ላይ የተጣደ ሸክላ ከፈነዳ በሸክላው አትፍረዱ።

የማይጠገን ነገር ደግሞ ቆራሌው አለ። ጠዋት «ቆራሌው!» ሲል ከሰማችሁ ጠርሙስ፣ ቁራጭ ብረት፣ የተበላሸ ካውያ፣ ባዶ ጀሪካን ይዛችሁ ውጡ። ዕቃውን ይገለብጠዋል፣ በጣቱ ኳ ኳ ያደርገዋል፣ «ይሄ ምን ይረባል» ይላል። አትመኑት፤ ባይረባ ኖሮ ጆንያው አጠገብ አያስጠጋውም ነበር። የመጀመሪያውን ዋጋ አትቀበሉ። አሮጌ ልብስ ካላችሁ ግን ልዋጭ ጠብቁ፤ በሳፋ ወይም በባልዲ ይቀይሩላችኋል። ቆራሌው የሰበሰበው ብዙው ነገር መርካቶ ምናለሽ ተራ ይገባል። እናንተም እዚያ ሄዳችሁ ከአሮጌ በርሜል የተቀጠቀጠ መጥበሻና ከጎማ የተሠራ በረባሶ ማየት ትችላላችሁ። በረባሶውን ለዝናብ ቀን እመክራለሁ፣ ለክላስ አይደለም።

የመጨረሻው ምድጃ ነው፤ ይህ ተከራይቶ ለሚኖር ነው። ከሰል የሀገር ምርት ቢሆንም አልመክረውም፤ የሚቃጠለው ዛፍ ነው፣ ጭሱም ጠባብ ክፍል ውስጥ አደገኛ ነው። የሀገራችን መብራት ከ90 በመቶ በላይ ከውኃ ኃይል ስለሚመነጭ የኤሌክትሪክ ምድጃ ይሻላል። መብራት ሲጠፋ ለመጠባበቂያ ከሆነ፣ ውስጡ ሸክላ ያለውን ላቀች ምድጃ ያዙና ውጭ አቀጣጥሉት፤ ከተራው የቆርቆሮ ምድጃ ጋር ሲነጻጸር ሩብ ያህል ከሰል ይቆጥባል። ቤት ስታዩ ደግሞ ቆጣሪው የግል ነው ወይስ የጋራ ብላችሁ አስቀድማችሁ ጠይቁ። የጋራ ከሆነ አከራዮች ምድጃ መሰካት ሊከለክሉ ይችላሉ፤ ከዚያ ወዲያ ተስፋችሁ በሶ ነው።