«መጸዳዳት» ለአይጥ ይሆናል?

ቦሳ አዲስ፦ ሰላም ለቤቱ። ለጅማ ተማሪዎች የሚሆን የላብራቶሪ መመሪያ ላይ አንድ ቃል አስቸግሯል። አይጥ መዳፏን ልሳ አፍንጫና ፊቷን ታብሳለች፣ ወደ ጆሮዋ ትወጣለች፤ ከዚያ ጎኗን፣ የኋላ እግሯን፣ መጨረሻ ጭራዋን። ይኼ ሁሉ በአንድ ቃል ምን ይባል? ረቂቁ «መጸዳዳት» ይላል።

ባለግስ፦ ኧረ እሱስ ይቅር! በዛሬ አማርኛ መጸዳዳት ሌላ ጉዳይ ነው። በዚያ ላይ በዚሁ ፍተሻ አይጧ ፈርታ የጣለችው ኩስም ይቆጠራል። ሰንጠረዡ «መጸዳዳት 14» ቢል፣ 14 ሰከንድ ነው ወይስ 14 ፍሬ? «መላስ»ም አይበቃም፣ ግማሹ የመዳፍ ሥራ ነው። «መላላስ»ን ሁለት አይጦች እርስ በርስ ሲያደርጉት እናቆየው። «ራስን ማሰናዳት» ይሻላል። በኋላ እግር «ማከክ» ለብቻው ይመዝገብ።

ቀማሚ፦ ባለግስ ልክ ብለዋል። የሚቀረው ረቂቁ ላይ ያለው «ጭንቀት» የሚለው ቃል ነው፤ ሁለት ነገር አንድ ጆንያ ውስጥ ከቷል። ድንገት አዲስ ሣጥን የገባች አይጥ ማሰናዳቱን ታበዛለች፣ ግን ቅደም ተከተሉ ይፈርሳል፦ ከፊት ዘላ ጭራ፣ ጀምራ መተው። ይኼን «ድንጋጤ» በሉት። ለሳምንታት ገለባዋ እየረጠበ፣ ሣጥኗ እያዘነበለ የተንገላታችዋ ግን፣ አማርኛችን እንደሚለው፣ ራሷን ትጥላለች። መፈተሻው ቀላል ነው፦ 10 ግራም ስኳር ሟሙቶ 100 ሚሊ ሊትር የሞላ ውሃ ጀርባዋ ላይ ይረጫል፣ 5 ደቂቃ ይያዛል። ስኳሩ ስለሚያጣብቅ ጤነኛዋ ቶሎ ትጀምራለች፤ ራሷን የጣለችው ትዘገያለች፣ ብትጀምርም ታሳጥራለች። ፍሎክሰቲን የተባለው የድብርት መድኃኒት ለሳምንታት ሲሰጣት ማሰናዳቱ ይመለሳል።

ዳያዜፓም የተባለው ማረጋጊያ መድኃኒት የድንጋጤውን ማሰናዳት ይቀንሳል። መጠኑ ሲበዛ ግን ታንቀላፋለች፣ ያንቀላፋችም ራሷን አታሰናዳም። ምን ያህል እንደተንቀሳቀሰች ሳትለኩ «ተረጋጋች» አትበሉ። ቪዲዮውን የሚቆጥሩት ሁለት ሰዎችም የትኛዋ ምን እንደተወጋች አይወቁ፤ አለዚያ ለአይጥ ምስክሯ ድንቢጥ ነው።

ቦሳ አዲስ፦ እሺ፣ ጅማ ላይ ሆኖ ጫትን መዝለል አይቻልም። ጫት የተሰጣት አይጥ «መረቀነች» ቢባልስ?

ባለግስ፦ ምርቃና ሰው ስለ ራሱ የሚናገረው ነው። አይጧን ማን ጠየቃት?

ቀማሚ፦ ጫት ውስጥ ያለው አነቃቂ ንጥረ ነገር ካቲኖን፣ እንደ አነቃቂው መድኃኒት አምፌታሚን፣ ዶፓሚን የተባለውን የአንጎል መልእክተኛ ያስለቅቃል። መጠኑ ሲበዛ አይጧ ማሽተትና አንገቷን መወዝወዝ ላይ ትቸከላለች፣ ማሰናዳቱም ቦታ ያጣል። የታየው ይኼ ነው፤ «ደጋግማ አሸተተች» ተብሎ ይጻፍ።