እናቴ ጉልበቷ ከተቀየረ በኋላ የጉልበቷ ሎሚ ቋ እያለ ይይዛታል፤ ወጌሻ ጋ ልውሰዳት?

የቁስቋሟ፦
ጤና ይስጥልኝ። እናቴ አዲስ አበባ ቀኝ ጉልበቷ ተቀይሮላት ወደ ጎንደር የመጣችው ባለፈው ክረምት ነው። ሌሊት ሌሊት የሚያስለቅሳት ጥዝጣዜ ለቋታል፣ ቁስሉም ጠግጓል፣ ተመስገን። አሁን ያስጨነቀን ሌላ ነው። ዱካ ላይ ቁጭ ብላ ቡና አፍልታ ስትነሣ፣ እግሯን እየዘረጋች ሳለ አንድ ቦታ ላይ ይይዛታል። ከዚያ ሎሚው ቋ ብሎ ይዘላል። ድምፁ ከማዶ ለተቀመጥኩት ለእኔ ሳይቀር ይሰማኛል። እጄን ሳስቀምጥበት ከሎሚው በላይ አንድ ነገር ሲያልፍ ይታወቀኛል። ስታጥፈው ምንም የለም፤ ስትዘረጋው ብቻ ነው። ከቁስቋም ቁልቁለቱን ስትወርድም ፊት ለፊቱን ያማታል፤ ዳገቱ ይሻላታል።

ቀዶ ጥገናው የተሠራበት ቦታ ስደውል «ይለምዳታል» ብለው ዘጉት። ጎረቤቱ ሁሉ «ሎሚዋ ዞሮ ነው፣ ወጌሻ ይመልሰው» ይላል። እሷም ልጅ ሆና የተሰበረ ክንዷን ያቀናላት ወጌሻ ስለነበር ልቧ እዚያው ነው። እኔ ግን ብረትና ፕላስቲክ የገባበትን ጉልበት አሳልፌ ለማሳሸት ፈራሁ። የምታውቁ ካላችሁ እባካችሁ።

ፊዚዮ ዘአዘዞ፦
እኅቴ፣ እንኳንም ፈራሽ። ፊዚዮቴራፒስት ነኝ። ሳላያት መቁረጥ አልችልም፤ አገላለጽሽ ግን አንድ ነገር ያሳስበኛል። የጭን ጡንቻ ጅማት ከሎሚው ጋር በሚገናኝበት ቦታ፣ ከሎሚው አናት ላይ፣ ጠባሳ ይጓጉላል። አንዳንዱ ሰው ሠራሽ ጉልበት ደግሞ በጭኑ በኩል ያለው ብረት መሐሉ ጎድጓዳ ነው። ጉልበት ሲታጠፍ ያ ጓጓላ ጎድጓዳው ውስጥ ይገባል፤ ሲዘረጋ ከ30 እስከ 45 ዲግሪ አካባቢ ይያዝና በኃይል ይወጣል። ሐኪሞች ፓቴላር ክላንክ ይሉታል። እሱ ከሆነ ወጌሻ የሚመልሰው የዞረ ነገር የለም። ከበረታባት በትንሽ ቀዳዳ ካሜራ አስገብተው ጓጓላውን ቆርጠው ያወጡታል፤ ብዙ ሰው በዚያ ይገላገላል።

ሌሎቹም መጣራት አለባቸው፦ ሎሚው ከመስመሩ ወደ ውጭ እየሸሸ እንደሆነ፣ ተሰንጥቆ እንደሆነ፣ ከጀርባው ፕላስቲክ ተለጥፎ ከነበረ ተላቆ እንደሆነ። ለሁሉም ታካሚ ፕላስቲክ አይለጠፍም፤ አንዳንዱ ሐኪም የራሷን ሎሚ እንዳለ ይተወዋል። ስለዚህ ከፊትና ከጎን የሚነሣው ራጅ ብቻ አይበቃም። ጉልበቷ ታጥፎ ሎሚው ከብረቱ ላይ እንዴት እንደተቀመጠ የሚያሳየውንም እንዲያነሡላት ጠይቂ።

ዛሬ ማታ ግን ይህን አድርጊልኝ። በጀርባዋ ትተኛና እግሯን ሳታጥፍ ከአልጋው ታንሣ። ካነሣች እሰየው። ካቃታት ጅማቱ ተበጥሶ ወይም ሎሚው ተሰብሮ ሊሆን ስለሚችል ቀጠሮ የለም፣ በዚያው ቀን ሐኪም ቤት!

የአራዳው፦
አባቴም ጉልበቱን ያስቀየረ ነው። ፊዚዮው ያልነካውን ልጨምር። ጉልበቷ ድንገት ቢያብጥ፣ ቢግል፣ መግል ቢወጣው፣ ከፋርማሲ አንቲባዮቲክ ገዝተሽ እንዳትሰጫት። ከጉልበቷ ፈሳሽ ሳይቀዳ መድኃኒቱ ከተጀመረ ምርመራው ተህዋሲውን ላያገኘው ይችላል። ይህን የአባቴ ሐኪም ደጋግሞ ነግሮናል።

እኛ ቤት ጭቅጭቁ በስግደት ነበር። ሁዳዴ ሲገባ አባቴ «ሳልሰግድማ አልውልም» አለ። ብንለምነው አልሰማንም፤ በመጨረሻ የንስሐ አባቱን ቤት ጠራናቸው። ጠባሳውን አዩና «አንተ ቆመህ ጸልይ፣ ስግደቱን በሌላ እንተካዋለን» አሉት። ከዚያ ወዲህ ክርክር የለም። እናትሽም ከኛ ይልቅ የሳቸውን ቃል ትሰማ ይሆናል። ዱካውንም ለጊዜው በረዘም ያለ ወንበር ቀይሩላት፤ ጀበናው ጠረጴዛ ላይ ቢቀመጥ ቡናው አይከፋም።

የቁስቋሟ፦
ሁለታችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። እግሯን ቀጥ አድርጋ አነሣች! ትኩሳትም እብጠትም የላትም። የሆስፒታሉን ወረቀት ከሣጥኗ አውጥቼ ሳገላብጥ፣ የጉልበቱ ዓይነት ከተጻፈበት አጠገብ «ፒ ኤስ» ይላል። ምንድን ነው?

ፊዚዮ ዘአዘዞ፦
ያ ጎድጓዳ ያለው ዓይነት ነው። ወረቀቱን ይዘሽ ለአጥንት ሐኪም አሳዪ፣ ቋ የሚልበትንም ቦታ እዚያው ፊቱ ዘርግታ ታሳየው። እስከዚያው ጭኗን ታጠንክር፦ ፎጣ ጠቅልለሽ ከጉልበቷ ሥር አድርጊና ወደ ታች ጫን እያደረገች ትልቀቀው። ካመማት ታቁም። ሎሚውን ማንም እንዳያሽባት፣ አደራ።