አሮጌው ማከማቻ «ስታርቲንግ ከርነል» ብሎ ዝም ይላል

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የማርቬል ኪርክዉድ ፕሮሰሰር ባለው የቤት ኔትወርክ ማከማቻ ላይ ዴቢያን 12 የተባለውን የሊኑክስ ሥርዓት ለመጫን ስሞክር፣ በሲሪያል ገመድ የማየው የዩ-ቡት (ማሽኑ ሲበራ ከርነሉን ማለትም የሥርዓቱን እምብርት የሚያስነሣው ፕሮግራም) ጽሑፍ «ስታርቲንግ ከርነል» ካለ በኋላ ይቆማል፤ ከራውተሩም አይፒ አድራሻ አይወስድም። ዲስኩ ተበላሽቶ ይሆን?

መልስ፦ ከርነሉ ገና ዲስኩ ጋ ስላልደረሰ በዲስኩ አይፍረዱ። የቆየው ዩ-ቡት ዲቫይስ ትሪ የሚባለውን የሃርድዌር መግለጫ ለከርነሉ ማስተላለፍ ስለማይችል፣ ለሞዴልዎ የተዘጋጀውን የዲቲቢ ፋይል (ይኸው መግለጫ ያለበትን) በ«ካት» ትእዛዝ ከከርነሉ ፋይል መጨረሻ ላይ ቀጥለው፣ ከዚያም በ«ኤምኬኢሜጅ» ትእዛዝ ዩ-ቡት በሚያነበው ቅርጽ እንደገና መጠቅለል ይኖርብዎታል። የተቀራራቢ ሞዴል ፋይል ከተጠቀሙ ግን ከርነሉ ቢነሣም የኔትወርክ ካርዱ ላይሠራ ይችላል።

መልስ፦ ሲሪያሉ በ3.3 ቮልት የሚሠራ ስለሆነ የ5 ቮልት ገመድ ቦርዱን ሊያቃጥለው ይችላል፤ የገመዱን የኃይል መስመርም ባያገናኙት ይሻላል። ወደ ዴቢያን 13 ለመዝለልም አይቸኩሉ፤ እንደ እርስዎ ላሉ የቆዩ የአርም ፕሮሰሰሮች ለሚሆነው ለአርምኤል እትም ጫኚ አልወጣለትም።

ጠያቂ፦ እግዜር ይስጥልኝ፤ ዲቲቢውን ስቀጥልበት ጫኚው ተነሥቶ አይፒ ወሰደ። በኤስኤስኤች (ከሌላ ኮምፒውተር በኔትወርክ መግቢያ) «ኢንስቶለር» በሚል የተጠቃሚ ስም ስገባ ግን የይለፍ ቃል ይጠይቀኛል።

መልስ፦ የይለፍ ቃሉ «ኢንስቶል» (install) ነው፤ ሁሉም በትንንሽ ፊደላት።