ሲፋን የማን ናት? ዜግነት የቀየረስ?

የጠባሴው፦
ነሐሴ 5 ቀን 2016 ዓ.ም. ትዝ ይላችኋል? እሑድ ነው፣ ፍልሰታ ነው። ከቅዳሴ መልስ ደብረ ብርሃን አንዲት ቡና ቤት ተኮልኩለን የፓሪስ ኦሎምፒክን የሴቶች ማራቶን እናያለን። ውጭ ጉሙ ሰው አያሳይም። መጨረሻው ላይ ትግስት አሰፋና ሲፋን ሐሰን ተገፋፉ። ሲፋን በ3 ሰከንድ ቀድማ በ2 ሰዓት ከ22 ደቂቃ ከ55 ሰከንድ ገባች። ቤቱ ጭጭ አለ። ከኋላ አንድ አባት «እሷስ የኛው ልጅ አይደለችም?» አሉ። ጭቅጭቁ ከዚያ ተነሳ፤ እስከ ዛሬም አልበረደም።

ሲፋን አዳማ ተወልዳ በ2008 እ.ኤ.አ. በ15 ዓመቷ ስደተኛ ሆና ኔዘርላንድ ገባች። እዚያ ነርስነት እየተማረች ሮጠች። በ2013 እ.ኤ.አ. የኔዘርላንድ ዜግነት አገኘች። የኛ አዋጅ 378/1996 ደግሞ በፈቃዱ የሌላ አገር ዜግነት የወሰደን ሰው ኢትዮጵያዊነቱን እንደተወ ይቆጥረዋል። ልክ ነው ወይ? እኔ ልክ አይደለም ባይ ነኝ።

የመንዲዳው፦
ወንድሜ፣ እኔ ያደግኩት አበበ ቢቂላ ከተወለደባት ከጃቶ ብዙም ሳይርቅ ነው። ለኛ ሩጫ ማለት ባንዲራ ነው። የቶኪዮ ኦሎምፒክን የሴቶች 10 ሺህ ሜትር አስታውስ። ወርቅ ሲፋን፣ ብር ቃልኪዳን ገዛኸኝ፣ ነሐስ ለተሰንበት ግደይ። ሦስቱም እዚሁ አገር የተወለዱ ናቸው። የተሰቀለው ግን የኔዘርላንድ፣ የባህሬንና የኛ ባንዲራ ነው። ያ ነገር እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። ሁለት ዜግነት ቢፈቀድ ነገ ሁሉም ወደ ከፈለው አገር አይሄድም?

እናት ከሸዋ ሮቢት፦
ልጄ፣ የ15 ዓመት ስደተኛ ማን ከፍሎ ወሰዳት? የኔም ልጅ እንዲሁ ነው የወጣችው። መጀመሪያ ዓረብ አገር፣ ከዚያ አውሮፓ። ወረቀቱን እስክታገኝ ስንት ዓመት እንቅልፍ አጣሁ። አግኝታ ስትመጣ ያንን ለትውልደ ኢትዮጵያውያን የሚሰጠውን ቢጫ ካርዷን ከቦርሳዋ አውጥታ እጄ ላይ አስቀመጠችው። «እማዬ፣ አሁን ትውልደ ኢትዮጵያዊት የውጭ ዜጋ ነኝ» አለችኝ። ልትስቅ ፈልጋ እንባዋ ቀደማት። እኔ የውጭ ዜጋ አልወለድኩም።

መምህሩ፦
እትዬ፣ የልጅዎ እንባ ይገባኛል። ግን ቢጫ ካርዱ ቀላል ነገር አይደለም። በአዋጅ 270/1994 መሠረት ካርዱን የያዙ ሰዎች ቪዛ አይጠየቁም፤ የሥራም የመኖሪያም ፈቃድ አያስፈልጋቸውም፤ ቤት ይገዛሉ። የተከለከሉት መምረጥና መመረጥ፣ መከላከያ፣ ደህንነትና ውጭ ጉዳይ መቀጠር ነው። ይህ ተገቢ ነው። ነገር ሲከፋ እኔና እርስዎ እዚሁ ነን። አውሮፕላን ተሳፍሮ የሚሄድ ሰው የኔን ዕጣ በድምፁ እንዲወስን አልፈልግም። ሕጉ በሩንም አልዘጋም። ተመልሶ እዚህ የሚኖር፣ የሌላውን ዜግነት የሚተው ሰው አመልክቶ ዜግነቱን ያገኛል።

የጠባሴው፦
መምህር፣ የሥልጣኑን ነገር እቀበላለሁ፤ ገደብ ይኑረው። ከባዱ ነገር ሌላ ነው። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 33 ላይ ማንም ኢትዮጵያዊ ከፈቃዱ ውጭ ዜግነቱን እንደማይገፈፍ ይላል። እዚያ ያለው ስደተኛ የሚፈርመው ምን ላይ ነው? አዲሱ ወረቀት ላይ። ሥራ ለመያዝ፣ ልጅ ለማሳደግ፣ ያለ ስጋት ለመተኛት። «ኢትዮጵያዊነቴን ትቻለሁ» ብሎ እዚህ መጥቶ የፈረመ የለም። ያልተናገረውን ቃል አፉ ላይ አድርገን ነው የወሰድንበት። ተወኝ ሳይል ተወኸን እንለዋለን።

የመንዲዳው፦
እትዬ፣ ስለ ልጅዎ ያሉት ልቤን ነካኝ። ተሰዶ የሄደና ለሜዳሊያ ተብሎ የተወሰደ ግን ይለይ። በዚህ አልበገርም።

የጠባሴው፦
ማን ይለየው? የትኛው መሥሪያ ቤት ነው የሰው ልብ ገብቶ የሚያይ? ደግሞ ስንቱ ነው ሯጭ? ሌላው እኮ አዛውንት የሚያጥብ፣ ታክሲ የሚነዳ፣ በየወሩ ለእናቱ ብር የሚልክ ነው።

እናት ከሸዋ ሮቢት፦
የልጄ የድሮ የቀበሌ መታወቂያ እኔ ጋ ነው። ሳጥን ውስጥ በነጠላ ጠቅልዬ አስቀምጬዋለሁ። ፎቶው ላይ ፀጉሯን ሹሩባ የሠራኋት እኔ ነኝ። ለፋሲካ እመጣለሁ ብላለች። እስክትጠይቀኝ አልጥለውም።